ከመሬት የሚወጣው ድምፅ፦ ብረት ፈላጊ መሣሪያና የወሎ አሮጌ ቦታዎች

ብረት ፈላጊ መሣሪያ ከአፈር በታች ያገኘውን ለሰው የሚያስታውቀው በድምፅ ነው። ብረት ፈላጊ ይባል እንጂ የሚፈልገው ጥቁሩን ብረት ብቻ አይደለም፤ ብርም፣ መዳብም፣ ነሐስም፣ ወርቅም፣ እርሳስም፣ አሉሚኒየምም ያስጮኸዋል። ከተሜው የሚያውቀው ታናሽ ወንድሙን ነው፦ በባንክና በሆቴል በር ላይ ፈታሹ በሰው ጎንና ጎን የሚያንሸራትታትን አጭር ዘንግ። ያቺ ዘንግ ያላት አንድ ድምፅ ነው፤ ካለ ትጮኻለች፣ ከሌለ ዝም ትላለች። ለመሬት የተሠራው መሣሪያ ግን ድምፁ ይወፍራል፣ ይቀጥናል፣ ይረዝማል፣ ይቆራረጣል። ጆሮው የሠለጠነ ሰው ከዚህ ድምፅ ብዙ ነገር ይረዳል፤ የተቀበረው ከምን ወገን እንደሆነ፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ቅርብ ይሁን ጥልቅ። ድምፁ የማይነግረውም ነገር አለ። እንደ ደሴና ኮምቦልቻ ጦር ደጋግሞ ባለፈበት ምድር ደግሞ ድምፁ የማይነግረው ከሚነግረው ይበልጥ ያሳስባል።

በመሣሪያው ዘንግ ጫፍ ላይ ሰፌድ የመሰለ ክብ ነገር አለ። በውስጡ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሏል። ከባትሪው ተነሥቶ ወደዚህ ጥቅልል የሚሄደው ከረንት በአንድ ሰከንድ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይመላለሳል፤ በተለመዱት መሣሪያዎች ከ5 ሺህ እስከ 20 ሺህ ጊዜ ያህል፣ ማለትም ከ5 እስከ 20 ኪሎኸርዝ። የከረንቱ መመላለስ ከሰፌዱ በታች ማግኔታዊ ኃይል ይዘረጋል። ይህ ኃይል አፈሩን ዘልቆ ብረት ነክ ነገር ሲያገኝ በዚያ ነገር ገላ ላይ ትናንሽ የከረንት አዙሪቶች ያስነሣል፤ አዙሪቶቹም በተራቸው የራሳቸውን ደካማ ማግኔታዊ ኃይል ወደ ላይ ይመልሳሉ። በሰፌዱ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ጥቅልል ሥራው ይህን መልስ ማዳመጥ ነው።

ከደሴው ጦሳ ተራራ ግርጌ ቆሞ የተጣራ ሰው የገደል ማሚቶ እንደሚመልስለት ሁሉ፣ መሣሪያውም የሚሰማው የራሱን ጥሪ ማሚቶ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የገደል ማሚቶ ሲዘገይ ገደሉ ሩቅ መሆኑን ያሳያል፤ ከመሬት የሚመለሰው ምላሽ መዘግየት ግን የሚያሳየው የነገሩን ምንነት እንጂ ርቀቱን አይደለም። በጥሬ ብርና በመዳብ ላይ ከረንት እንደልቡ ስለሚሽከረከር አዙሪቱ ቶሎ አይሞትም፤ ምላሹ በጣም ይዘገያል። በእርሳስ ወይም በስስ የአሉሚኒየም ቅጠል ላይ አዙሪቱ ወዲያው ይከስማል። ጥቁር ብረት ደግሞ ማግኔት የሚስበው በመሆኑ መልሱ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነው። መሣሪያው ይህን መዘግየት ለክቶ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል፦ ለብረት ወፍራምና ዝቅተኛ ድምፅ፣ ለስስና ለመካከለኛ ነገሮች መካከለኛ ድምፅ፣ ለብርና ለመዳብ ቀጭንና ከፍተኛ ድምፅ። የመልሱ ጉልበት ደግሞ በጩኸቱ መጠን ይታወቃል።

[ድምፅ፦ ወፍራም፣ ጎርናና፣ አጭር። 2 ሰከንድ ዝምታ። ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ እንደ ብርጭቆ ቃጭል።]

የመጀመሪያው የዛገ ምስማር ነው፤ ሁለተኛው የብር ሳንቲም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሕፃን ልጅም ይለየዋል። ችግሩ የሚጀምረው በመሀል ባለው ድምፅ ነው። ስስ የወርቅ ቀለበት፣ የሲጋራ ፓኬት ብልጭልጭ ወረቀት፣ የቆርቆሮ ጣሳ መክፈቻ ቀለበትና የእርሳስ ጥይት ሁሉም በዚሁ በመሀሉ ይጮኻሉ። ወርቅ የራሱ የሆነ የተለየ ድምፅ የለውም። ይህን አንድ እውነት የያዘ ሰው ከብዙ ድካምና ከብዙ አታላይ ይድናል።

ጥልቀትን በተመለከተ መሬት ብዙ አትፈቅድም። ጥሪው ወደ ታች ሲወርድ ይደክማል፤ መልሱም ወደ ላይ ሲወጣ እንደገና ይደክማል። በዚህ ድርብ ድካም ምክንያት፣ ትንሽ ነገር የተቀበረበት ርቀት እጥፍ ሲሆን ምላሹ 64 ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ ሳንቲም የሚያህል ነገር ከ20 ወይም ከ30 ሳንቲሜትር በታች ከወረደ የተለመደው መሣሪያ አያገኘውም። የመኪና ሞተር የሚያህል ነገር ከአንድ ሜትር በላይ ጠልቆም ሊሰማ ይችላል። ከመቶ ሜትር ርቀት ወርቅን ብቻ ለይቶ ያሳያል እየተባለ በውድ ዋጋ የሚቀርብ መሣሪያ ካለ፣ ሻጩ የሚሸጠው ተስፋ ነው፤ የተፈጥሮ ሕግ እንዲህ ያለ መሣሪያ አይፈቅድም።

ለወሎ ምድር ድምፅን ለመማር ከጠገራ ብር የተሻለ አስተማሪ አይገኝም። ማርትሬዛ የሚባለው ይህ የኦስትሪያ ብር ከ28 ግራም ትንሽ ያልፋል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ጥሬ ብር ነው፤ ስፋቱም ወደ 4 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ወፍራም፣ ሰፊና ክብ በመሆኑ በላዩ ላይ የሚነሣው አዙሪት ጠንካራ ነው። ሰፌዱ ከግራ ወደ ቀኝ ቢያልፍበትም ከቀኝ ወደ ግራ ቢመለስበትም ድምፁ አንድ ነው፦ ከፍ ያለ፣ ለስላሳ፣ ዳርና ዳሩ የተቆረጠ። በባቲ ሰኞ ገበያ ለዘመናት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረው ይህ ብር ነው። የወሎ አንጥረኛም ጠገራውን አቅልጦ ድሪና አልቦ ይሠራበት ነበር። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሳስት ነገር አለ። ድሪው የተሠራው ከዚያው ከጠገራው ብር ቢሆንም እንደ ጠገራው አይጮኽም። አዙሪቱ በእያንዳንዷ ቀለበት ውስጥ ለብቻው ስለሚዞር፣ መሣሪያው የሚሰማው አንድ ትልቅ ብር ሳይሆን ብዙ ጥቃቅን ቁራጮች ነው፤ ድምፁም ወርዶና ደክሞ ይመጣል። ብሩ ያው ሆኖ ቅርጹ ሲለወጥ ድምፁም ይለወጣል።

የጠገራው ሌላ ትምህርት ከዘመን ጋር የተያያዘ ነው። በፊቱ ላይ የተቀረጸው ዓመት 1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላ በተለያዩ አገሮች በሚሊዮን የሚቆጠር ሲታተም ዓመቱ አልተቀየረም። ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር በተሰናዳችበት ጊዜ፣ በ1935 እ.ኤ.አ.፣ ሮም ውስጥ ይህንኑ ብር ማተም ጀምራለች። ስለዚህ 1780 የሚል ጠገራ ከመሬት መገኘቱ ቦታው የሁለት መቶ ዓመት ዕድሜ እንዳለው አያስረዳም። ዘመኑን የሚያስረዳው አብሮት የተገኘው ነው፦ አጠገቡ ያለው ሸክላ፣ የአመድ ንጣፍ፣ ቁልፍ፣ ቀለህ። ብሩ ከነጎረቤቶቹ ተነጥሎ ወደ ኪስ ከገባ ይህ ምስክርነት ለዘላለም ይጠፋል፤ የቀረው 28 ግራም ብር ብቻ ነው።

ጆሮን ከሚያታልሉት ነገሮች ዋናው ቆርኪ ነው። ቆርኪ ከብረት ይሠራ እንጂ ስስና ጠፍጣፋ ስለሆነ አዙሪት በደንብ ይነሣበታል፤ አንዳንዴ ከፍ ባለ ድምፅ ሳንቲም መስሎ ይጮኻል። የሚለየው ድምፁ ሻካራ መሆኑና ሰፌዱን በሌላ አቅጣጫ ሲያሳልፉበት የሚቆራረጥ መሆኑ ነው። የጣሪያ ቆርቆሮ ቁራጭም እንዲሁ ነው፤ እሱ ግን ድምፁ ሰፊ ነው፣ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አይታወቅም። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው በአንድ ማለፍ አይወስንም። ቦታውን በመስቀለኛ መንገድ፣ አንዴ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ አንዴ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያልፍበታል፤ ሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ ከሰጠ የተቀበረው ነገር ድፍንና የታመቀ ነው።

መሣሪያው ብረትን እንዳያሰማ ማድረግ ይቻላል። ጀማሪ ይህን ይወደዋል፤ ጆሮው ያርፍለታል። ነገር ግን ምስማር ከሳንቲም አጠገብ ካለ፣ መሣሪያው ምስማሩን ዝም ሲያሰኝ ሳንቲሙንም አብሮ ዝም ያሰኘዋል። በተጨማሪም የብረቱ ድምፅ ራሱ ወሬ ነጋሪ ነው። የምስማር ጫጫታ የሚጀምርበት መስመር የአሮጌ ቤት ግድግዳ የነበረበት ሊሆን ይችላል። በወሎ ግን ይህ በጥንቃቄ መወሰድ አለበት። የቀድሞው ጎጆ በእንጨት፣ በጭቃ፣ በልጥና በሣር የሚሠራ ስለነበር ምስማር እምብዛም አልነበረበትም። ምስማርና ቆርቆሮ የበዙት በ20ኛው መቶ ዘመን፣ በተለይም ጣሊያን መንገድና ካምፕ ሲሠራ ነው። በመሆኑም እዚህ አገር ብዙ የሚጮኸው መሬት አዲስ፣ ዝም የሚለው መሬት ደግሞ አሮጌ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ይህን አይነግሩም፤ የሚያውቀው የአገሩን ቤት አሠራር የሚያውቅ ሰው ነው።

አፈሩም የራሱ ድምፅ አለው። የወሎ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ በፈሰሰና በደነደነ ባዛልት የተሠራ ነው። ባዛልት ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን በውስጡ ይዟል፤ ድንጋዩ ሲበሰብስ ማዕድኑ ወደ አፈሩ ይገባል። ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው በደሴ ዙሪያ መሣሪያው ምንም ሳይቀበር የሚያጉረመርመው፣ አንድ ተራ ጥቁር ድንጋይ ላይ ሲደርስም እንደ ሳንቲም ብልጭ የሚለው ለዚህ ነው። 25 ኪሎሜትር ያህል ወረድ ብሎ፣ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለው በኮምቦልቻ ሜዳ፣ የቦርከና ወንዝ አካባቢ ዋልካ ክረምት ላይ ውኃ ሲጠግብ ሌላ ጠባይ ያመጣል። ስለዚህ ከፍለጋ በፊት መሣሪያውን ከመሬቱ ጋር ማስማማት ግድ ነው፦ ብረት በሌለበት ንጹሕ ቦታ ላይ ሰፌዱን ከፍና ዝቅ እያደረጉ፣ ማጉረምረሙ እስኪጠፋ ድረስ ማስተካከል። ከረንቱን ያለማቋረጥ ከመላክ ይልቅ እየቆረጠ የሚልክ ሌላ ዓይነት መሣሪያም አለ፤ በእንዲህ ያለ አፈር ላይ የተሻለ ይጠልቃል፣ ነገር ግን ብረትን ከብር የመለየት ችሎታው ደካማ ነው። ወርቅ ፈላጊዎች የሚመርጡት ይህንን ነው።

እሳት የበላው መሬት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ይጮኻል። አፈር በኃይል ሲሞቅ በውስጡ ያለው የብረት ማዕድን ይበልጥ ማግኔታዊ ይሆናል። የአንጥረኛ ምድጃ የነበረበት፣ ከሰል የከሰለበት፣ ቤት የተቃጠለበት ቦታ ከመቶ ዓመት በኋላም በመሣሪያው ላይ ይሰማል። ደሴ ደግሞ ከመቃጠል ጋር የተያያዘ ታሪክ አላት፤ ወደዚያ ከመሄድ በፊት ግን ስለ መሣሪያው ልደት ጥቂት ማለት ይገባል።

የዚህ መሣሪያ ዘር የሚመዘዘው ከስልክ ነው። በ1881 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ተመትተው ጥይቱ ከገላቸው ውስጥ የት እንዳለ ባልታወቀ ጊዜ፣ የስልክ ፈልሳፊው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ሁለት ጥቅልልና የስልክ ማዳመጫ አገናኝቶ በታማሚው ላይ ሞከረ። አልሆነለትም። የአልጋው የብረት ስፕሪንግ ድምፁን ሲያበላሽበት፣ ሐኪሙም ጥይቱ አለበት ብሎ ያመነበትን የቀኝ ጎን ብቻ እንዲፈትሽ ፈቀደለት፤ ጥይቱ ግን በግራ ነበር። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ዩዜፍ ኮሳትስኪ የተባለ ፖላንዳዊ መኮንን ስኮትላንድ ውስጥ ሆኖ ወታደር ተሸክሞት የሚሄድ የፈንጂ መፈለጊያ ሠራ። በ1942 እ.ኤ.አ. በኤል አላሜይን ጦርነት 500 ያህሉ ለወታደሩ ደረሱ። በማዳመጫው የሚመጣውን ድምፅ ብቻ ይዞ ወታደሩ በፈንጂ መሀል መንገድ ይከፍት ነበር። በኢትዮጵያም የኤርትራ ጦርነት ካበቃ በኋላ በ1993 ዓ.ም. ፈንጂ የሚያጸዳ መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ባለሙያዎቹ በዚሁ ዓይነት ድምፅ ሲሠሩ ቆይተዋል።

በደቡብ ወሎ አፈር ውስጥ ያለው ብረት ብዙ ንብርብር አለው። በመቅደላ ግርጌ፣ አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ገጠመ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ በመቅደላ አምባ ላይ ራሳቸውን ሠው፤ እንግሊዞቹ መድፎቹን ሰብረው፣ አምባውን አቃጥለው፣ የዘረፉትን ጭነው ሄዱ። በጋፋት የተሠራው፣ ወደ ሰባት ሺህ ኪሎ የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ ግን ዛሬም እዚያው አለ። ለሴባስቶፖል መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከእሱ ዙሪያ የተበተነው እርሳስ፣ ቀለህና የመድፍ ስባሪ ግን በአፈር ውስጥ ነው።

ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከተማዋ ውስጥ እያሉ በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደበደበች። ከወረደው ቦምብ ብዙው ተቀጣጣይ ነበር፤ የሣር ክዳን ቤቶች ነደዱ፣ የሚሲዮኑ ሆስፒታልም ተመታ። ጣሊያን በሚቀጥለው ሚያዝያ ከተማዋን ያዘ፤ መንገድ፣ ካምፕና ምሽግ ሠራ። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋር ሆኖ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው ዳገት ላይ ከጣሊያን ጦር ጋር ለቀናት በመድፍ ተታኮሰ። ደሴ ሚያዝያ 18 ቀን እጇን ሰጠች። በቅርቡም፣ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ እስከ ኅዳር 27 ቀን፣ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ውስጥ አለፉ። ከዚህ ጦርነት የተረፉ ያልፈነዱ ተተኳሾች በአማራና በአፋር ክልሎች እረኛ ልጆችን ገድለዋል፣ አካል አጉድለዋል።

አሁን የድምፁን ነገር ከዚህ ታሪክ ጋር ማያያዝ ይቻላል። የቅንቡላና የመድፍ ጥይት አካል ከብረት ቢሠራም፣ ጫፉ ላይ የሚገጠመው ማፈንጃ ብዙውን ጊዜ ከነሐስ ወይም ከአሉሚኒየም ነው። ነሐስና አሉሚኒየም ደግሞ ከፍ ያለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ።

[ድምፅ፦ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ጥርት ያለ፤ ቀደም ሲል ከተሰማው የሳንቲም ድምፅ ጋር በጣም የሚቀራረብ።]

ይህ የጠገራ ብር ድምፅ ሊሆን ይችላል። የማፈንጃ ድምፅም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በጆሮ መለየት አይቻልም፤ በመሣሪያው መስታወት ላይ የሚታየው ቁጥርም አይለያቸውም። ጆሮን ደስ የሚያሰኘው፣ ፈላጊን ለማጎንበስ የሚያስቸኩለው ድምፅ ከሁሉ የሚያሰጋው ድምፅ ነው። የደከመ ድምፅም አያስተማምንም። አብዛኛው አካላቸው ፕላስቲክ የሆነ ፈንጂዎች አሉ፤ በውስጣቸው የሚጮኸው መርፌ ወይም ትንሽ ስፕሪንግ ብቻ በመሆኑ መሣሪያው የሚሰጠው ምልክት እንደ ምስማር ቁራጭ ኢምንት ነው። ዕድሜም ባሩድን አያስተኛም። ሰማንያ ዓመት የተቀበረ ቦምብ ዝጎ መቀስቀሻው የበለጠ ስሱ ሊሆን ይችላል።

ፈንጂ አምካኝ ባለሙያ እያንዳንዱን ድምፅ፣ ሌላ መሆኑ በዐይን እስኪረጋገጥ ድረስ፣ እንደ ፈንጂ ይቆጥራል። ከላይ ወደ ታች አይቆፍርም፤ ከጎን፣ በተንጋደደ ቀጭን መውጊያ፣ አፈሩን በጣት ያህል እያነሣ ይቀርባል። ለአንድ ፈንጂ ብዙ ቀለህ፣ ብዙ ምስማር፣ ብዙ ቆርኪ ያወጣል፤ ለእያንዳንዱም ትዕግሥቱ እኩል ነው። ይህ ሥልጠና የሌለው ሰው፣ ገበሬም ሆነ ቁራሌው፣ ያልታወቀ ብረት ሲያጋጥመው የሚያድነው አንድ ነገር ነው፦ አለመንካት፣ በመጣበት ዱካ መመለስ፣ ቦታውን ከሩቅ ምልክት ማድረግና ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ መንገር። ወድቆ የተገኘ ቅንቡላ በኪሎ የሚሸጥ ቁርጥራጭ ብረት መስሎ ስንት ቤት አፍርሷል።

በሌላ በኩል የጦር ሜዳ ብረት በሥርዓት ከተጠና የሚናገረው ብዙ ነው። በአሜሪካ በሊትል ቢግሆርን የጦር ሜዳ ላይ በ1983 እ.ኤ.አ. ሣሩ ከተቃጠለ በኋላ፣ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች በብረት ፈላጊ መሣሪያ ሜዳውን በመስመር ፈተሹ። እያንዳንዱን ቀለህና ጥይት የተገኘበትን ቦታ መዘገቡ። በቀለሁ ቂጥ ላይ ያለውን የመርፌ ምት በማነጻጸርም አንድ ጠመንጃ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እንዴት እንደተንቀሳቀሰ አወቁ፤ በመጽሐፍ ይነገር የነበረው የውጊያው ታሪክም ተስተካከለ። በአሮጌ ሜዳና በኮምቦልቻ ዳገት ላይ ለሚደረግ ጥናት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም። የውጅግራ ቀለህ፣ የምንሽር ቀለህና የጣሊያን ጠመንጃ ቀለህ በመጠናቸው ይለያያሉ፤ የት የት እንደወደቁ በካርታ ላይ ቢሰፍር አርበኛው የቆመበትን ድንጋይና ጣሊያኑ የሸሸበትን ሸለቆ ያሳያሉ። ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ላይ ያልሰፈረ የወሎ አርበኞች ጥለው የሄዱት ምስክር ይኸው ቀለህ ነው። አንድ ሰው በቀን ሃምሳ ቀለህ ለቅሞ በጆንያ ቢወስድ ያ ምስክር በቀን ሃምሳ ቃል ያጣል።

ጣሊያን ሲወጣ ወርቅ ቀብሯል የሚለው ወሬ በየአገሩ ይነገራል፤ ወሎም ከዚህ አላመለጠችም። በዚህ ወሬ ተነሥተው የሚቆፈሩ ጉድጓዶች ወርቅ ባያወጡም የአሮጌ ሰፈር፣ የመቃብርና የምሽግ ንብርብር ያተራምሳሉ። ቀደም ብሎ እንደተነገረው መሣሪያው ለወርቅ የተለየ ድምፅ የለውም፤ የተቀበረውን ወርቅ አይቻለሁ የሚል ሁሉ የሰማው ድምፅ ብቻ ነው።

ሕጉም ይህን የሚመለከት ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከሚመለከተው የቅርስ ባለሥልጣን የጽሑፍ ፈቃድ ያላገኘ ሰው ቅርስ ፍለጋ ማድረግም ሆነ መቆፈር አይችልም። መሣሪያው ሕጋዊ ቢሆን እንኳ ፍለጋው ያለ ፈቃድ ሕጋዊ አይሆንም። ድንገተኛ ግኝትም በአዋጁ ተሸፍኗል። በማዕድን ቁፋሮ፣ በቤት ሥራ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማስታወቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ ባለበት ሁኔታ መጠበቅ አለበት፤ ላስረከበም ተገቢ ሽልማት እንዲሰጥ አዋጁ ያዛል። በተለይ ኮምቦልቻ ላይ ይህ የየቀኑ ጉዳይ መሆን ይገባዋል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ መንገዱና አዳዲሶቹ ቤቶች በየጊዜው መሬት ያስከፍታሉ፤ ዶዘር በአንድ ጠዋት የሚገለብጠው አፈር ገበሬ በዕድሜው ከሚያርሰው ይበልጣል። በደሴ በኩል ደግሞ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ ግቢና የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ሙዚየም ያሉበት መሬት በዙሪያቸው የሚሠራ ሁሉ ጆሮውን እንዲያቀና ይጠይቃል።

ፈቃድ ተገኝቶ፣ ቦታውም ከፈንጂ ነጻ መሆኑ በባለሙያ ተረጋግጦ ሲሠራ ሥራው ቀስ ያለ ነው። ሜዳው በገመድ በእኩል መስመር ይከፈላል። መሣሪያውን የያዘው ሰው ሰፌዱን ከመሬት ጥቂት ጣት ከፍ አድርጎ፣ ጠራጊ እንደሚጠርግ ሳያነሣ፣ እያንዳንዱን መጥረግ በቀደመው ላይ እየደረበ ይሄዳል። በእጁ ጫፍ ላይ ሰፌዱ ከፍ ካለ ጥልቁ ነገር ያመልጠዋል፤ የጀማሪ ሁሉ ስህተት ይህ ነው። ድምፅ ሲሰማ አይቆፍርም፤ ትንሽ ባንዲራ ይተክላል፣ ያልፋል። ከኋላው የሚመጣው ሰው የባንዲራውን ቦታ ይለካል፣ የድምፁን ዓይነት ይጽፋል፦ ወፍራም፣ መካከለኛ፣ ቀጭን፣ የሚቆራረጥ። ከቁፋሮ በፊት የተጻፈው የድምፅ መዝገብ በኋላ ከወጣው ነገር ጋር ሲነጻጸር የዚያን አፈር ጠባይ ያስተምራል፤ በሁለተኛው ሳምንት የቡድኑ ጆሮ ከመጀመሪያው ሳምንት የተለየ ነው።

ቁፋሮው የሚጀመረው ባንዲራዎቹ ሁሉ በካርታ ላይ ከሰፈሩ በኋላ ነው። ነገሩ ከአፈር ሳይነሣ ፎቶ ይነሣል፣ ጥልቀቱ ይለካል፣ የዞረበት አቅጣጫ ይጻፋል። ከዚያ ለብቻው በከረጢት ይገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አይታጠብም፣ ዝገቱም በቢላዋ አይፋቅም፤ ያ የሙዚየም ባለሙያ ሥራ ነው። ጉድጓዱ ወዲያው አይደፈንም። ከላይ ያለው ምስማር ከሥሩ ያለውን ሳንቲም፣ ከላይ ያለው ሳንቲም ከሥሩ ያለውን ሌላ ሳንቲም ሸፍኖ ሊሆን ስለሚችል ሰፌዱ እንደገና በጉድጓዱ ላይና በወጣው አፈር ላይ ያልፋል። ድምፅ ካለ ልኬቱ ከመጀመሪያው ይደገማል። ዝም ካለ አፈሩ በወጣበት ቅደም ተከተል ይመለሳል፣ ሣሩም በላዩ ይደረጋል።